ራሱን የሚያጸዳው መስታወት

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ
የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋአለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባሕር ዳርስ እንደምን ናት? ሰላምታውን ገጹ እስኪሞላ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የምጽፍበት ያንቺው የላብራቶሪ ደብተር ጀርባ ነው፣ ሾፌሩ ሳሊህ ደግሞ ከሁለት ቅጠል በላይ አልይዝም ብሏል። የጎደለውን ሰላምታ ከራስሽ ጨምሪበት።

ሐቦባ ሉጥፊያ፣ የሁላችን አያት፣ አጠገቤ ተጋድማ «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ። ላንቺ መሆኑን ስነግራት «ያቺ መስታወት የምትጋግረው? ሰላም በያት። ምድጃዬ እስከ ዛሬ መስታወት መስታወት ይሸታል በያት» አለች። እኛ ጋ ስትኖሪ፣ የኢድ ብስኩቷን፣ ካዕኩን፣ የምትጋግርበት ምድጃ ውስጥ መስታወት ከተሽ ማውጣትሽን አልረሳችም። ድሮ ጎረቤት ሲኖረን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራው ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሰንፌ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። «አንቺ በይኝ» ስላልሽ «አንቺ» ብዬ ስጽፍ አፈርኩ፤ «እርስዎ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ የማላውቃት ሴት መሰልሽኝ። ፊደል ካስተማርሽኝ ወዲህ ላንቺ እንጂ ለማንም ጽፌ ስለማላውቅ ስህተቴን የምታይው አንቺ ብቻ ነሽ።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ ልመልስ። እጄ ድኗል። እናቴ ከከሚሴ አልተመለሰችም፤ አያቴን ልትቀብር እንደሄደች መንገዱ ተዘጋባት። የሷን የሠራተኝነት ሥራ እኔ ይዤዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ሐቦባ ብቻ ነን። ሐቦባ አሁንም «ልጄ ኦመር ካይሮ የሄደው ለአራት ቀን ስብሰባ ነው» ትላለች። አራቱ ቀን አሥር ወር ሆነ። የተሰበረው ወገቧ እንደነበረ ነው፤ ተኝታ ካልሆነ መንገድ አትችልም። ዶክተር ኦመር ፍራሽ የምታስገባ መኪና እየፈለገ ነው ያልሽውን ነግሬያት «ይፈልግ፣ ወላሂ እኔ የትም አልሄድ» ብላ ሳቀች።

ፍሪጇ ትሠራለች። ገመዱን አስረዝሜ ከሐቦባ ራስጌ አድርጌያታለሁ። ውስጧ ዘጠኝ የኢንሱሊን ጠርሙስ አለ። ጠዋትና መግሪብ ላይ እኔው እወጋታለሁ። እስከ ክረምቱ መጨረሻ ይበቃል፣ ከቀዘቀዘ። ካልቀዘቀዘ እንደማይረባ ያልሽኝን አልረሳሁም። የስኳር መለኪያዋ ወረቀት ስላለቀ ሐቦባ በራሷ መንገድ ነው የምትለካው፤ ሽንት የምትሸናበት ባልዲ ላይ ጉንዳን ካልመጣ ስኳሬ ደህና ነው ትላለች። እስካሁን አልመጣም።

የጣሪያው የጸሐይ መስታወቶች ስንት ኃይል እንደሚሰጡ የሚያሳየውን የወጥ ቤቱን መለኪያ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አያለሁ። ግራው፣ ያንቺ ቅብ ያለበት መስታወት፣ አራት። ቀኙ፣ ያልተቀባው፣ ሦስት ተኩል። ቁጥሩን በፊደል የጻፍኩት ሳሊህ ስለፈራ ነው። ወታደሮች በኬላ ላይ ቁጥር የበዛበት ወረቀት ካገኙ የመድፍ ነገር ይመስላቸዋል አለ። የኛን ፊደል ግን አያነቡም። ደብዳቤሽን ቆዳ ውስጥ ሰፍቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው ያመጣው፤ የሐበሻ ሼህ የጻፈልኝ ክታብ ነው ይላቸዋል። አንዱ ወታደር «ለጥይት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀው። ሳሊህ «የለም፣ ለወገብ ነው» አለው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መስታወቱ ላይ አቧራ አይቻለሁ፣ በተለይ በቀኙ። ወታደሮቹ ጣሪያ የወጣን ሰው ለጠላት ዒላማ ያሳያል እያሉ ይተኩሱበታል፤ ቢሆንም በጠዋት ወጥቼ ልጥረገው ወይ?

ረመዳን እየመጣ ነው።

ሰልሰቢል


ባሕር ዳር
መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔ ሰልሰቢል፣

ጽሑፍሽን ሳየው አለቀስኩ። የተሳሳትሽው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም።

ከሰላምታው በፊት ይሄን ያዢልኝ፦ ጣሪያ እንዳትወጪ። በጠዋትም ቢሆን፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። መስታወቱ ራሱን ያጸዳል። ለዚያ ነው የተሠራው።

ምድጃውን ስከፍት አጠገቤ ቆመሽ «ምን ቀባሽው? ምንም አይታይም» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? አይታይም፤ አንዲት የራስ ጸጉር ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ ያንዷን ስንጣቂ ያህል ነው ውፍረቱ። ከአሸዋ ዘርና ከቲታኒየም የተሠሩ ቅንጣቶች ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው። አቧራ የሚጣበቀው መስታወቱን በደንብ ስለሚነካው ነው። ቅንጣቶቹ ሲኖሩ ግን የሚነካው ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ ይሆናል፤ ነፋስ ሲመጣ ተነስቶ ይሄዳል። ጸሐዩም ይሁን ባትሪው፣ እኔ የተማርኩት ነገር ሁሉ የሚበላሸውም የሚሠራውም ሁለት ነገሮች በሚነካኩበት በዚያች ስስ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ጨርቅ እንኳ እንዳይነካው። ተይው፣ እሱ ሥራውን ያውቃል።

ቁጥሮቹን አይቻለሁ። ጥሩ ናቸው። ፍሪጇን በሆነ ባልሆነው አትክፈቻት፤ የምትከፍቻት ለመርፌው ብቻ ይሁን።

ስለ መኪናው አዲስ ነገር የለም። ዶክተር ኦመር በየሳምንቱ ይጽፍልኛል፤ የሚጽፈው ግን ያንኑ ነው። ጥዬሽ የመጣሁበትን ቀን አልጽፈውም። «በሳምንት እመለሳለሁ» ያልኩሽን አንቺም እንዳትጽፊው።

ጣሪያ እንዳልወጣሽ ጻፊልኝ። ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን።

ሸዋአለም


ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ
መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋአለም፣

ጣሪያ አልወጣሁም።

እንደምን ነሽ? ሰላምታውን ሁለተኛ ያደረግኩት አንቺ ስላልሽኝ ነው፤ ሐቦባ ብትሰማ ባለጌ ትለኛለች። እኛ ደህና ነን። ሐቦባ አልጾምም ብላ ቃል ገብታልኝ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ምሳዋን ትራሷ ሥር አገኘሁት። «አልጾምኩም፣ ረስቼው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እስክትጨርስ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እየጎረሰች ታየኛለች፤ እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ታፍራለች። ሁለታችንም እንተፋፈራለን።

ረመዳን ከመግባቱ በፊት ቤቱን ሁሉ አጸዳሁት። ሐቦባ «ረመዳን እንግዳ ነው፤ እንግዳ በቆሻሻ ቤት አይቀበሉትም» ትላለች፣ በየዓመቱ። ምንጣፉን አራገፍኩ፣ መስኮቱን አጠብኩ፣ ድስቶቹን በአመድና በሽቦ ፈግፍጌ ፊት እስኪያሳዩ አደረስኳቸው። እንግዲህ ማን ያየዋል፤ ግን ሐቦባ ደስ አላት። ውሃው በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው፣ በሳምንት አንዴ፣ ሲመጣ።

በሰረዝኩት መስመር ሥር ምንም የለም፣ ወደ ብርሃን አንስተሽ እንዳታይው።

ቁጥሩን ልንገርሽ። ግራው አምስት። ቀኙ ሦስት።

ፍሪጇ ግን ከቀትር በኋላ ድምፅዋን ማቆም ጀምራለች። ጠዋት ትነሳለች፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትንቀጠቀጥና ዝም ትላለች። ጠርሙሶቹን ስነካቸው ቀዝቃዛ ናቸው፣ ግን እንደ ድሮው አይደሉም። ከላያቸው እርጥብ ጨርቅ አድርጌያለሁ። ምን ላድርግ? ያንቺ መስታወት ጥፋት እንዳይመስልሽ። ያንቺ ጥፋት አይደለም። የሌላ ነገር ነው።

ስለ ስስ ቦታ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ ያልሽው። ሰው ሲያናግረኝ መልስ አፌ ላይ ደርሶ የሚቀርበት ቦታም እንደዚያ ስስ ይመስለኛል። ይሄን ለማንም እንዳታነቢው።

ጉንዳን አልመጣም።

ሰልሰቢል


ባሕር ዳር
ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔ ሰልሰቢል፣

አልወጣሁም ብለሽ ስለጀመርሽ አላህ ይስጥልኝ። እኔም ዛሬ በሰላምታ አልጀመርኩም፤ ተያይዘን ባለጌ ሆንን።

አምስት ነው ያልሽው? ግራው አምስት? ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያን ቀን ምግብ አልበላልኝ አለ፣ ከደስታ። ለመምህሬም ነገርኩት። «ካርቱም ጣሪያ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከዓመት በኋላ ይሠራል» አልኩት። እሱም ደስ አለው። ይሄን የምነግርሽ ቁጥር እየጻፍሽ በመላክሽ ምን እንደሠራሽ እንድታውቂ ነው።

ግራው አምስት ከሆነ ግን ፍሪጇ እስከ መግሪብ መሥራት አለባት። ስለዚህ ችግሩ ባትሪው ነው ብዬ አስባለሁ። ደረጃው ሥር ነው ያለው፣ ጣሪያ አያስወጣም። ገመዶቹ የሚያያዙበትን ሁለቱን የብረት ጉጦች እይ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለባቸው ገመዱን ፈትተሽ፣ ጓንት አድርገሽ በሙቅ ውሃ እጠቢና አድርቀሽ መልሰሽ አጥብቂው። መጀመሪያ ጥቁሩን ገመድ ፍቺ፣ ስትመልሺ ጥቁሩን መጨረሻ። ይሄ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ሦስት ሳምንት መሆኑን ሳስበው እጄን የሚያስነክሰኝ ነገር ነው። እዚያ ብሆን የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

ዶክተር ኦመር አንድ ሰው አግኝቷል። መኪናዋ አለች ይላል፣ መንገዱን ግን የሚያስፈቅድ የለም። ለሐቦባ አትንገሪያት።

አንድ ነገር ብቻ። የማላውቀው ነገር ካለ ጻፊልኝ። አልቆጣም። ምን ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?

ሸዋአለም


ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ
ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋአለም፣

ባትሪውን እንዳልሽኝ አደረግኩ፤ ጥቁሩን መጀመሪያ ፈትቼ፣ መጨረሻ መለስኩት። ነጭ ዱቄት ነበረው፣ አጠብኩት። ምንም አልተለወጠም። እንደማይለወጥም አውቅ ነበር። ልጽፍልሽ የሚገባኝን ነገር አሁን እጽፈዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ እትዬ ብዬ እንድጠራሽ ባትፈልጊም ይገባኛል።

መስታወትሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቤቱን ጨርሼ፣ ድስቶቹን ደርድሬ፣ ሽቦው እጄ ላይ ነበር። ረመዳን ከሰማይ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው ብዬ አሰብኩ። ልጅ ነገር ነው፣ ግን አሰብኩት። የጠየቅኩሽ ጥያቄ መልሱ ገና አልደረሰኝም ነበር። ወጣሁና በአመድና በሽቦ ፈገፈግኩት፣ እንደ ድስት። ቀኙን ትንሽ፣ ግራውን ብዙ። ግራውን ያስበለጥኩት ያንቺ ስለሆነ ነው። ስጨርስ ያበራ ነበር። ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ማንም አላየኝም፣ ማንም አልተኮሰም።

ከሦስት ቀን በኋላ ነፋስ መጣና አቧራው እንደ ቡሆ ተለጠፈበት። ግራውም ቀኙም ሁለት፣ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ደብዳቤሽ ደረሰ፣ «ጨርቅ እንኳ እንዳይነካው» የሚለው። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሳሊህ በር ላይ ቆሞ «መጥፎ ዜና ነው?» አለኝ። «የለም፣ ሰላምታ ነው» አልኩት።

አምስት የሚባል ቁጥር አልነበረም። አምስት የጻፍኩት እንዳታዝኚ ነው። ለመምህርሽ ትነግሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ሦስት ዓመት የለፋሽበትን ነገር እኔ ባንድ ጠዋት ፍቄ ጣልኩት፣ ከዚያ ደግሞ ዋሸሁበት።

አሁን ራሱን ስለማያጸዳ እኔ አጸዳዋለሁ። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ ከሱብሒ ሰላት በኋላ አንድ ኩባያ ውሃና ጨርቅ ይዤ እወጣለሁ። በሆዴ ነው የምሳበው። ስጠርገው አራት ይሆናል፣ ፍሪጇም እስከ አሥር ሰዓት ትሠራለች። አንድ ቀን ካስቀረሁ ሁለት ነው። ስለዚህ አላስቀርም።

ጂብሪልን ታስታውሺዋለሽ፣ በግራ በኩል ያለውን ጎረቤት፣ እሱ ብቻ ነበር የቀረው። ባለፈው ሰኞ የውሃ ሮቶውን ሊያይ ጣሪያው ላይ ወጣ። እኔ በኛ ጣሪያ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር። የተኩሱን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀና አላልኩም። ሲነጋጋ ወረድኩ። ሌላውን አልጽፈውም።

ስገባ ሐቦባ ነቅታለች። «ያ በት፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ» አለችኝ። ራሴን ዳበሰችና ጣቷን አየችው። «ይሄ አቧራ የወጥ ቤት አይደለም» አለች። «ግቢ ስጠርግ ነው» አልኳት። «ግቢው በሆድ ነው እንዴ የሚጠረገው?» አለችኝ። ቀሚሴን ሳየው ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ አመድ መስሏል። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጇን ከራሴ ላይ አላነሳችም።

በማግስቱ «መድኃኒቱ ስንት ቀረ?» አለችኝ። አንድ የተከፈተ፣ አምስት ያልተከፈተ አልኳት። «ፍሪጇ ከራስጌዬ ናት፣ ከእንግዲህ የመርፌ ሰዓት ሲደርስ እኔ እያወጣሁ እሰጥሻለሁ፣ አንቺ ትደክሚያለሽ» አለች። የሚረዳኝ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልም። ለመምህርሽ ግን እውነቱን ንገሪው። የቤት ሠራተኛ ናት ያበላሸችው በይው።

ሰልሰቢል


ባሕር ዳር
ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰልሰቢል፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ሳሊህ ነገ ከገዳሪፍ ይነሳል አሉኝ፤ እስከዚያ የሚያደርስልኝ ሰው አግኝቼያለሁና ቶሎ ልጨርስ።

ዋሽቼሻለሁ። መስታወቱ ራሱን አያጸዳም።

ድሮ ያጸዳ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግራውና ቀኙ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ ነበር። ከዚያ እኔ እዚያ እያለሁ መቀራረብ ጀመሩ። ቀን ሲግል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ቅንጣቶቹ መስታወቱን የያዙበት ቦታ እየላላ ይለቃል። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የምትጽፊበትን ወረቀት ገልብጠሽ ብታይው ታገኚዋለሽ። በየካቲት አራትና ሦስት ተኩል ብለሽ ስትጽፊልኝ እንዳለቀለት ገባኝ። ግን ልጥረገው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ ብልሽ ትወጫለሽ። አንቺን አውቅሻለሁ፣ አንዴ አጽጂ ከተባልሽ አታቋርጪም። ስለዚህ ራሱን ያጸዳል አልኩሽ። ኢንሱሊኑ ምን እንደሚሆን እያወቅኩ ነው ያልኩሽ። ሐቦባንና አንቺን አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጬ አንቺን መረጥኩ፣ አንቺንም ሳልጠይቅ፣ እሷንም ሳልጠይቅ። ከባሕር ዳር ሆኖ መምረጥ ቀላል ነው።

ከዚያ አምስት ብለሽ ጻፍሽ፣ እኔም ሞኝ ሆኜ አመንኩ። ከውሸቴ ውስጥ እውነት የወጣ መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ ነው የነቃሁት። የለቀቀ ቅብ ተመልሶ አይጣበቅም፤ መስታወት እንደ ሰው አይሻለውም። አምስትን የጻፍሽው ለኔ ብለሽ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ለኔ ነው። ለመምህሬ ዛሬ ነግሬዋለሁ።

እየወጣሽ ከሆነ አሁን አቁሚ። እየወጣሽ እንደሆነ ፈርቻለሁ። ስለ ጣሪያዎቹ የሚያወሩ ሰዎች ከዚያ እየመጡ ነው።

ሐቦባ ዚር አላት አይደል፣ ያ ውሃ የሚያልበው ትልቁ የሸክላ ጋን? ጠርሙሶቹን በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ በትንሽ ዕቃ አድርገሽ ውሃው ላይ አንሳፊያቸው፤ ዚሩን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጪው። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፣ ግን ሳምንታት ያቆያል። ሐቦባን ብትጠይቂያት ይሄን ከኔ በፊት ታውቀው ነበር። ይሄን በየካቲት ልጽፍልሽ ስችል ስለ ቅንጣት ጻፍኩልሽ።

መኪናዋ ቀርታለች። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሸዋአለም


ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ
ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋአለም፣

ሳሊህ ታሞ ነበር፤ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። የኔም ሳይደርስሽ አልቀረም። መንገድ ላይ ተላልፈዋል፤ ሳሊህ የኔን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ ያንቺን ተቀበለ፣ ሁለቱንም ባንድ ቀን አንገቱ ላይ አድርጓቸው ነበር። እንዴት ሳይነጋገሩ ቀሩ?

ደብተሩን ገልብጬ አየሁት። ጽሑፉ የፈረንጅ ስለሆነ አላነበብኩትም፣ ግን ሁለቱ መስመሮች ሲጠጋጉ ስዕሉ ላይ ይታያሉ። በጀርባው ላይ የጻፍኩልሽ ለካ እሱ ነበር።

አልተቀየምኩሽም። አንቺም እንዳትቀየሚኝ። ይሄን ካልኩ ሌላውን ልጻፍ።

ጣሪያ አልወጣም። እውነቴን ነው፣ ዛሬ ግራው አንድ ተኩል፣ ቀኙ አንድ ተኩል ነው። ሐቦባ ቁርኣን አስይዛ አስማለችኝ። ያስማለችኝ ግን በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሌላ ነገር አደረገች።

ከዐረፋ በዓል በኋላ አንሶላዋን ልለውጥ አገላበጥኳት። ትራሷ ከበደኝ። ሳነሳው ጠርሙሶቹ እዚያ ናቸው፣ አምስተኛውን ከከፈትን በኋላ የቀሩት አራቱም ያልተከፈቱት፣ በሻሿ ተጠቅልለው። እንደ ሰው ገላ ይሞቃሉ። ፍሪጇን ከፈትኩ፣ ባዶ ናት። ውስጧ ለመጨረሻ ጊዜ ካየኋቸው ቀን ጀምሮ ያቺን ባዶ ፍሪጅ ለማቀዝቀዝ ስንት ጠዋት በሆዴ ስሳብ እንደነበር ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት ነው።

«ምነው ሐቦባ?» አልኳት።

«አትሰሚኝም ብዬ ነው» አለች። «ተይ ብልሽ አትተይም። መድኃኒቱ እስካለ አንቺ ጣሪያ ላይ ነሽ። መድኃኒቱ ሲሞት ትወርጃለሽ።»

«ልጅሽ እስኪመጣ ነው እኮ!»

«ያ በት፣ ልጄ የሄደው ለአራት ቀን ነው» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አልሳቀችም። እንደማይመጣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ኖሯል፣ እየቀለደች ነበር። ጮህኩባት። እኔ ጮኼ አላውቅም፣ ድምፄን እኔም አላወቅኩትም። እሷ ግን ደስ ያላት መሰለኝ። «እሰይ፣ ድምፅ አለሽ» አለችኝ። ከዚያ ነው ቁርኣኑን ያስያዘችኝ።

ጠርሙሶቹን ዚሩ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፣ ደብዳቤሽ ሳይመጣ። እሷ ናት የነገረችኝ፤ ካስማለችኝ በኋላ። «እናቴ ቅቤ የምታስቀምጠው እንዲህ ነበር» አለች። አሁን ቀዝቀዝ ይላሉ። ግን ከዚያ በፊት አሥራ ስድስት ቀን ትራስ ሥር ነበሩ፣ በሰኔ ሙቀት።

የተከፈተው ከአራት ቀን በፊት አለቀና ከነሱ አንዱን ከፈትኩ። በጸሐይ አየሁት፤ እንደ ድሮው ነው፣ ውሃ ይመስላል፣ ጥርት ያለ። መድኃኒት ይሁን ውሃ ይሁን አይናገርም። መስታወቱም እንዲሁ ነበር፣ ምን እንዳለበት ምን እንደሌለበት በዓይን አይታይም።

ሐቦባ ውሃ ደጋግማ ትጠይቀኛለች። ሙቀቱ ነው ትላለች። ዛሬ ጠዋት ባልዲውን ላወጣ ስሄድ ጉንዳኖቹን አየሁ። ከበሩ ሥር ተሰልፈው መጥተዋል፣ ቀጭን መስመር። በመጥረጊያ ጠረግኳቸው፣ ባልዲውን አጠብኩ። ለሐቦባ አልነገርኳትም። «መጡ?» አለችኝ። «አልመጡም» አልኳት።

የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። የተበላሸ ኢንሱሊን በምን ይታወቃል? ካልታወቀ መጠኑን ልጨምርላት ወይስ እንደነበረ ልተወው? ጨምሬ መድኃኒቱ ደህና ከሆነ ይገድላታል፣ ሳልጨምር ከተበላሸም ይገድላታል።

መልስሽ በሐምሌ መጨረሻ ይደርሰኛል። መርፌው መግሪብ ላይ ነው። ሐቦባ እጅጌዋን ሰብስባ ትጠብቀኛለች፣ አዛን እየተባለ ነው።

ሰልሰቢል